ቁልቁለት ላይ የሚነሣ ፎቶ የማን ነው?

በትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ሰው አብዝቶ የሚጮኽበት ቦታ ላይ ካሜራ አይጠፋም። ጀልባው ወይም ፉርጎው ከታወቀው ነጥብ ሲደርስ ሴንሰር ያገኘዋል፣ ካሜራው ብልጭ ይላል፣ ሰዎቹም ከጨዋታው ወርደው ፊታቸውን እንኳ ጠርገው ሳይጨርሱ መልካቸው መውጫው አጠገብ ከተሰቀሉት ስክሪኖች በአንዱ ላይ ከነቁጥሩ ይጠብቃቸዋል። የወደደ ይገዛል፤ ያልወደደ ስቆ ያልፋል። የንግዱ ብልሃት ሰው ሳይዘጋጅ መነሣቱ ነበር፤ ቁልቁል ሲወረወር ፊቱን አሳምሮ የሚጠብቅ የለምና። ነገር የተበላሸው ደንበኛው ካሜራው የት እንዳለ ያወቀ ዕለት ነው።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ በሚገኘው ዲዝኒላንድ የነበረው ስፕላሽ ማውንቴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተው ይህ ጨዋታ በግንድ አምሳል የተሠሩ ጀልባዎችን በዋሻና በጅረት ውስጥ በዝግታ ሲያንሸራሽር ቆይቶ በመጨረሻ 16 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ወደ ውኃ ይለቃቸዋል፤ ካሜራውም ያነጣጠረው በዚሁ መውረጃ ላይ ነበር። ውሎ አድሮ አንዳንድ ሴቶች ልክ በዚያች ቅጽበት ልብሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ደረታቸውን ለካሜራው መግለጥ ጀመሩ። ፎቶዎቹም ከፓርኩ አጥር ወጥተው በ1990ዎቹ ገና እየተስፋፋ በነበረው ኢንተርኔት ላይ ተበተኑ፤ ተራራውም «ፍላሽ ማውንቴን» የሚል የፌዝ ስም ወጣለት፤ «ፍላሽ» በእንግሊዝኛ ገላን ድንገት ገልጦ ማሳየት ማለትም ነውና።

ስለዚህ ነገር ሲወራ የምሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት አስተያየት ነው። አንዱ ወገን «የአንድ ቅጽበት ቀልድ ነው፣ ማንን ጎዳ?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ የዘመኑን ነውር እየዘረዘረ ሴቶቹን ይረግማል። ሁለቱም የሚያዩት ልብሷን የገለጠችውን ሴት ብቻ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በጀልባው ውስጥ ሌላ ማን ነበር የሚለው ነው እላለሁ። በአናሃይሙ ጀልባ ሰው የሚቀመጠው በአንድ ረድፍ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ነበር፤ ይኸው ጨዋታ በነበረበት በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ ጎን ለጎን። ባዶ ወንበር ሲኖር ተቆጣጣሪዎቹ በማይተዋወቁ ሰዎች ይሞሉታል። ስለዚህ ፊት ወንበር ላይ ያለችው ሴት ለጓደኞቿ ያሰበችው ቀልድ ከኋላዋ በተቀመጠ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፎቶ ውስጥ ሳይጠየቅ ይገባል። ልጁ በሕይወቱ የመጀመሪያው ትልቅ ቁልቁለት ላይ እጁን ዘርግቶ የተነሣው ፎቶ እናቱ ፍሪጅ ላይ የማትለጥፈው ይሆናል።

ሕጉን ብናይ ደግሞ ሩቅ አያደርሰንም። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 314 ሰው ባለበት ቦታ ኀፍረተ ሥጋን ሆን ብሎና በብልግና ሐሳብ መግለጥን ይከለክላል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሕር ዳርቻ ላይ ራቁቱን ፀሐይ ሲሞቅ የተያዘን ሰው ጉዳይ መርምሮ፣ የወሲብ ዓላማ ከሌለበት እርቃን መሆን ብቻውን በዚህ አንቀጽ አያስቀጣም ሲል ወስኗል። እንግዲህ ለቀልድ ተብሎ የተደረገው ድርጊት በየትኛው ወገን ይውላል የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት። ፓርኩ የግል ይዞታ ስለሆነ ደንቡን የጣሰን ሰው ለማስወጣት የወንጀል ሕግ አያስፈልገውም፤ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ደንቡን ተቀብሎ ገብቷል።

ደግሞ ነገሩ የእርቃን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣችውን አክስቴን ስሙን ወደማልጠራው አንድ ፓርክ ወስጃት ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ መውጣት አልፈልግም ብላ ስታንገራግር ቆይታ፣ የልጅ ልጆቿ ሲለምኗት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ወጣች። ስትወርድ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ትስቅ ነበር፤ ፎቶውን ካልገዛን ብላ ወደ ስክሪኖቹ የቀደመችንም እሷ ናት። በፎቶው ላይ ዐይኗን ጨፍና፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትታያለች። ከፊቷ የተቀመጠው የማናውቀው ወጣት ግን ሁለት እጁን ወደ ኋላ አንሥቶ ሁለቱንም የመሃል ጣቶቹን ቀስሯል፤ አንደኛው ጣት የአክስቴን አገጭ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ባንኮኒው ላይ የነበረችው ልጅ ከልቧ አዝና ቆርጬ ላውጣው ብላ ሞከረች፤ ጣቱ ሲቆረጥ የአክስቴም ግማሽ ፊት አብሮ ይሄዳል። «ተይው የኔ ልጅ፣ ይሄን ምን ብዬ ሳሎን እሰቅለዋለሁ?» አለች አክስቴ፤ ቃሏን ተርጉሜላት ወጣን። ወጣቱ በዚያ ሰዓት አጠገባችን ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶውን በስልኩ እያነሣ ይስቅ ነበር። ክፉ ልጅ አይመስለኝም፤ ከኋላው ሰው እንዳለ ጭራሽ ትዝ ያለውም አይመስለኝም።

በዲዝኒላንድ ለዓመታት ፎቶዎቹን ስክሪን ላይ ከመውጣታቸው በፊት የሚመለከቱ ሠራተኞች ነበሩ። ነውረኛ ምልክት ወይም የተገለጠ ገላ ያለበት ፎቶ ለሕዝብ እንዳይታይ ያደርጋሉ። ይህ ለሌላው ተመልካች ጥሩ መከላከያ ነበር፤ ለጀልባው ባልደረቦች ግን ያው ነው፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉንም ፎቶ ይዞ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፓርኩ እንዲህ ያለው ድርጊት እምብዛም ስለማያጋጥም እነዚህን ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ ማዛወሩን አስታወቀ። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሺዎችን ጩኸት እያየ አንዲት ጣት ሲፈልግ እንዲውል ማድረግ ክብር ያለው ሥራ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የፎቶዎቹ መበተን ነው። ልብሷን የገለጠችው ሴት ካሜራ ፊት መሆኗን ታውቃለች፤ ከጓደኞቿ ጋር መውጫው ላይ ቆማ እንደምትስቅም ታስብ ይሆናል። ፊቷ ለዘለዓለም የማያውቃት ሰው መሳቂያ ሆኖ ሊሰበሰብ ነው ብላ የተስማማችበት ቦታ ግን የለም። ከእሷ ኋላ የተቀመጡት ደግሞ በምንም አልተስማሙም፤ የእነሱም ፊት አብሮ ተሰራጭቷል። የእሷ ግዴለሽነት የሚቆየው ለአንድ ቅጽበት ነው። ፎቶዎቹን ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ የበተነው ሰው ግን ፎቶውን በመረጠ፣ በጫነና ስም ባወጣለት ቁጥር ማሰቢያ ጊዜ ነበረው። እኔ ብፈርድ ከባዱን ጥፋት በእሱ ላይ አደርጋለሁ፤ እኛ ግን ዛሬም ድረስ የምናማው ሴቶቹን ነው።

ካሜራውን አውቆ መዘጋጀት ሁሉ ነውር አለመሆኑንም መናገር ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ተረጋግተው ቼዝ የሚጫወቱ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ጥርሳቸውን የሚቦርሹ ሰዎች ፎቶ አይቼ ብቻዬን የሳቅሁበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ባሏ አብሯት አልወጣ ስላላት ተናድዳ፣ ሌላው ሁሉ ሲጮኽ እጇን አጣምራ ፊቷን አጨፍግጋ ብቻዋን የወረደች አንዲት ሴት ፎቶ ዓለምን አዳርሷል። በእንዲህ ያለው ቀልድ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም ለቤቱ የሚያወራው ጨዋታ ያገኛል። የእጅ ዕቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ በፍጥነት ላይ ከእጅ ያመለጠ ስልክ ከኋላ ላለው ሰው ድንጋይ ነው። የዲዝኒ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ2015 የሰልፊ ዱላን የከለከሉትም ለደኅንነት ሲሉ ነው።

ስፕላሽ ማውንቴን በአሜሪካ ሁለቱም ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቶ በ2024 የቲያና ባዩ አድቬንቸር በሚል ስም ታድሶ ተከፍቷል፤ ቁልቁለቱና ውኃው ግን እንዳለ ነው። የተለወጠው የፎቶው መንገድ ነው። ዛሬ በፍሎሪዳው ፓርክ እጁ ላይ የፓርኩን ኤሌክትሮኒክ አምባር ያሰረ ሰው ፎቶው መውጫ ላይ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ስልኩ አካውንት ይላክለታል። አብረውት የተቀመጡት ሁሉ ፊታቸው እዚያው ላይ ነው፤ ሕፃናቱም ጭምር። ባንኮኒው ላይ ቆማ «ይህን ባልሸጥ ይሻላል» የምትል ሠራተኛ በመሃል የለችም። ከዚያ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለመድረስ ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል።

እኛ ሎስ አንጀለስ የምንኖር ሐበሾች ዘመድ በመጣ ቁጥር ወደ አናሃይም የምንመላለስ፣ በየቤተሰቡ ቡድን ውስጥም እንዲህ ያለ ፎቶ የምንለዋወጥ ነን። ከእንግዲህ እኔ የማውቀው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ የማላውቀው ሰው ልጅ ፊት በስልኬ ላይ ካለ ከመላኬ በፊት እሸፍነዋለሁ፤ መሸፈኛው ራሱ ስልኩ ውስጥ አለ። «ገንዘብ ከፍዬበታለሁ» ለሚለኝ ወንድሜ፣ የኋላ ወንበር ሰዎችም ለዚያው ቀን ቲኬት እንደከፈሉ እነግረዋለሁ። ከፓርኮቹ የምፈልገው ደግሞ ፎቶውን በየረድፉ ለያይተው እንዲሸጡ ነው፤ ያን ጊዜ ጣቱን የቀሰረው ወጣት የራሱን ጣት ገዝቶ ይሄዳል፣ ሌላውም የራሱን ፊት።