ውሃው ሳይገባኝ አሸዋ በተንኩ

ኮምቦልቻ ተከራይቼ ስኖር ላፕቶፔ እንደ ወፍጮ እያጓራ ነበር የሚያድረው። አከራዬ በር ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዛሬም አይተኛም?» ይሉኛል። «ትንሽ ነው የቀረው እትዬ» እላለሁ። ትንሽ አልነበረም።

የሁለተኛ ዲግሪ ሥራዬ ሃይድሮሳይክሎን ውስጥ ቅንጣቶች እንዴት እንደሚለያዩ በኮምፒዩተር ማስላት ነበር። ዕቃው ቀላል ነው፤ ላዩ ሲሊንደር፣ ታቹ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የተፈጨ ማዕድን የያዘ ውሃ ከጎን በግፊት ይገባና ይሽከረከራል። ትልልቁ ቅንጣት ወደ ግድግዳው ተገፍቶ በታች በኩል ይወጣል፤ ደቃቁ ከአብዛኛው ውሃ ጋር መሃል ባለው ቱቦ በላይ ይወጣል። ልጅ ሆኜ ሐይቅ አጠገብ እናቴ ጤፍ ስታንገዋልል አይ ነበር፤ ሰፌዱን በክብ ስታዞረው እብቁ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ በእጇ ዘገን አድርጋ ትጥለዋለች። ነገሩን ለሰው የማስረዳው በዚህ ነው። ግን ምሳሌው ብዙ አያስኬድም፤ ሰፌድ ላይ ውሃ የለም፣ የእኔ ጣጣ ደግሞ የውሃው ነበር።

ማወዳደሪያ ያደረግኩት ሽዬ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የውሃውን ፍጥነት በሌዘር የለካበትን ሃይድሮሳይክሎን ነው (በአጭሩ ሳይክሎን እንለዋለን)። ስፋቱ 75 ሚሊሜትር፣ የላይኛው መውጫ 25፣ የታችኛው 12.5። በዚህ ሙያ ያለ ብዙ ሰው ሞዴሉን የሚፈትንበት ነው።

የጀመርኩት ኬ-ኤፕሲሎን በሚባለው የቱርቡለንስ ሞዴል ነው፤ የቱርቡለንስ ሞዴል የውሃውን መናወጥ በግምት የሚያሰላ ነው። ሁለት እኩልታ ብቻ ስለሚጨምር ፈጣን ነው፣ ስሌቱም አያስቸግርም። የውሃው ስሌት ተረጋግቶ ሲያልቅልኝ ወዲያው ቅንጣቶቹን በተሰላው ውሃ ውስጥ በተንኩ። ከየመጠኑ ቅንጣት ምን ያህሉ በታች እንደሚወጣ የሚያሳይ፣ ደስ የሚል የኤስ ቅርጽ ያለው ኩርባ ወጣ። ዲ50 ግን፣ ማለትም ግማሹ በላይ ግማሹ በታች የሚወጣበት የቅንጣት መጠን፣ ከተለካው እጅግ በለጠብኝ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ቅንጣቶቹን ጠረጠርኩ። የድንጋዩን እፍጋት አስተካከልኩ፣ የመጎተቻ ኃይሉን ቀመር ቀያየርኩ፣ መግቢያው ላይ የሚለቀቁበትን ነጥብ አበዛሁ። ሦስት ወር ሄደ።

አንድ ቀን ቅንጣቶቹን ትቼ የውሃውን የመሽከርከር ፍጥነት ከሌዘሩ ልኬት ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አኖርኩት። ልኬቱ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ሲገባ እየጨመረ ይሄድና መሃሉ አጠገብ ቁልቁል ይወርዳል። የእኔ ከመሃል እስከ ግድግዳው አካባቢ ቀጥ ብሎ የሚያድግ መስመር! ውሃው እንደ ጋሪ ጎማ ተያይዞ የሚዞር ጠጣር ነገር ሆኗል። ኬ-ኤፕሲሎን መናወጡ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው ብሎ ስለሚያስብ ብርቱ ሽክርክሪት ላይ ዝልግልግነቱን ያጋንነዋል። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ሁለት ሴንቲሜትር ራዲየስ ላይ በሰከንድ 4 ሜትር የሚዞር ውሃ ቅንጣቱን የመሬት ስበትን 80 እጥፍ በሚሆን ኃይል ይገፋዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ካነሰ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። እኔ ይህን ጉድለት በአሸዋው በኩል ልሞላ ነበር የምታገለው።

መናወጡን በየአቅጣጫው ለየብቻ ወደሚያሰላው ወደ ሬይኖልድስ ስትረስ ሞዴል ዞርኩ፤ ሰባት እኩልታ ነው፣ በትንሽ ነገር ስሌቱ ይፈነዳል። ሜሹንም፣ ማለትም ቦታውን ለስሌት የሚከፋፍሉትን ትንንሽ ክፍሎች፣ ከባለ አራት ገጽ ወደ ባለ ስድስት ገጽ ቀየርኩ። መሃል ላይ የሚፈጠረውን የአየር አምድም ጨመርኩ፤ ቀድሞ ለማቅለል ብዬ ትቼው ነበር። የጊዜ እርምጃው የሰከንድ አንድ አስር ሺህኛ ስለሆነ ሁለት ሰከንድ ለማስላት 20,000 እርምጃ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ 6 ሰከንድ ገደማ፣ በድምሩ 33 ሰዓት። ሠላሳኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ድሮ ነው የሞተው፤ ፕሮግራሙ ውጤቱን የሚያስቀምጠው ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ እንዲሆን አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ በየ500 እርምጃው አስቀምጣለሁ፤ ቢጠፋ የሚጠፋው 50 ደቂቃ ነው።

ውሃው ከልኬቱ ጋር ሲገጥም ቅንጣቶቹን አንዳች ሳልነካ ዲ50 ቦታው ገባ። ኩርባው ግን በደቃቁ በኩል ዜሮ አይነካም። የፕሮግራም ስህተት መስሎኝ ሳምንት ፈተሽኩ። ለካ ስህተት አልነበረም፤ እጅግ የላመው ዱቄት ውሃው የሄደበት ይሄዳል፣ ከውሃው 5 በመቶው በታች ከወጣ ከዱቄቱም ያን ያህሉ አብሮት ይወጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጠጣሩ ጥቂት ሲሆን ነው። ከቦርከና ወንዝ አሸዋ የሚያወጣ ጓደኛዬ አሸዋውን ከጭቃው ለመለየት ሳይክሎን ያዋጣው እንደሆነ ጠየቀኝና በባልዲ ናሙና አመጣልኝ። ሳዘቅጠው ጭቃው ከአሸዋው በለጠ። እንዲህ ሲወፍር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ውሃውን ራሱን ያወፍሩታል፤ አንድ በአንድ መከተሉ አያዋጣም፣ የሚያስፈልገው ውሃውንና ጠጣሩን አንድ ላይ እንደ አንድ ፈሳሽ የሚያሰላ የድብልቅ ሞዴል ነው። ጀምሬዋለሁ። እስካሁን አንድም ቅንጣት አልበተንኩበትም፤ ውሃውን እያወዳደርኩ ነው።