የጎረቤታችን ነገር

ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የአሜሪካዊው ጎረቤታችን መታሰቢያ ላይ ነበርን። ነፍሳቸውን ይማር። ጡረታ እስኪወጡ የአንድ ጋዜጣ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ነበሩ። ሥራ የጀመሩት ላይኖታይፕ የተባለው የፊደል መልቀሚያ ማሽን የቀለጠ እርሳስ እያፈሰሰ ጽሑፉን መስመር በመስመር በሚያወጣበት ዘመን ነው። ኒውዮርክ ታይምስ እንኳ ይህን ማሽን ተሰናብቶ ወደ ኮምፒውተር የዞረው በፈረንጆቹ 1978 ነው።

እኛ የምናውቃቸው ግን በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት፣ ለስደተኞች በነፃ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ነው። እናቴ ማውስ ስትጨብጥ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። እኔ ቸኩዬ ልነካላት ስል፣ «ተዪያት!» ይሉኛል።

ልጃቸው ዛሬ እንደነገረችን፣ ኮምፒውተሩ ሲገባ ሥራቸው ያበቃባቸውን አንጋፋ የፊደል ለቃሚዎች ማታ ማታ እየቀሩ ያስተምሯቸው ነበር። እናቴ ስተረጉምላት ሰማችና፣ «ለዚህ ነዋ እኔን የቻሉኝ!» አለች።