ከዘነዘና የወጣች ፒፓ

አጎቴ የትምባሆ ፒፓውን ሰብሮ ባይመጣ ኖሮ እኔና ፒፓ አንተዋወቅም ነበር። አሰብ ወደብ ላይ ሲሠራ ከአንድ ግሪክ መርከበኛ የተቀበላት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከአፉ አልተለየችም። ደሴ ላይ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ስላለኝ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የእንጨት ነገር በተሰበረ ቁጥር የኔ ዕዳ ይመስለዋል። «በል እንግዲህ፣ አናጢው አንተ አይደለህ?» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች። ማጣበቅ አልሞከርኩም፤ እሳት ያለበት ነገር ከኮላ ጋር አይስማማም።

ምን እንጨት እንደሆነች ሳጠያይቅና ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ፈረንጆቹ ብራየር የሚሉት፣ የፒፓ እንጨት ሁሉ አለቃ፣ የአስታ ሥር ነው። አዎ፣ ያው የኛው አስታ! ቦረና ሳይንት ደንቆሮ ጫካ ያለው፣ ደገኛው ለማገዶና ለከሰል የሚቆርጠው። ሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል። ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ቦታ እንደ እባጭ ያብጣል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ያንን ቆፍረው ያወጡና ለሰዓታት ቀቅለው፣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት አድርቀው ነው ፒፓ የሚያደርጉት። ሴን ክሎድ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ስሟን የተከለችው በዚህ ነው። እኛ ሽሮ እናበስልበታለን።

«ታዲያ አንተስ ለምን አትቆፍርም?» የሚለኝ አይጠፋም። ያ እባጭ ለቁም ነገር ለመድረስ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል፤ አስታው ሲቆረጥ ወይ ሲቃጠል መልሶ የሚያቆጠቁጠውም ከእሱ ነው። ለአንድ ፒፓ ብዬ ከነሥሩ መንቀል አልዋጥልኝ አለ። ጫካውም ጥብቅ ነው። ስለዚህ ወደ ጓሮዬ ዞርኩ።

ጓሮዬ የፈረሰ ቤት መስኮት አለ፣ የተሰበረ ድግር አለ፣ የአልጋ እግር አለ። ከሁሉም ሥር የእናቴ ሙቀጫ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከነዘነዘናው ተጥሏል። ዘነዘናው ወይራ ነው። ከአያቴ የወረደ፣ ስንት ዘመን ቡና የወቀጠ። በመጋዝ ስቆርጠው ውስጡ ማር መስሎ፣ በመሐሉ ጥቁር ጅማት ይሄድበታል። የድሮ እንጨት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ መድረቁን ጨርሶ ነው የሚመጣልህ። እርጥብ እንጨት ፒፓ ብታደርገው ገና እሳት ሲያይ ይሰነጠቃል።

ሥራው ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። ትምባሆው የሚገባበት ጉድጓድ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጭሱ የሚሄድበት ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንገቱ ገብቶ ልክ የጉድጓዱ ወለል ላይ መውጣት አለበት። ከፍ ካለ ከታች ያለው ትምባሆ ሳይነድ ረጥቦ ይቀራል። ሞርሳ ላይ አስሬ ትራፓኖውን ስገፋ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ወይራ ከቸኮልክበት ይግልና ራሱ መጨስ ይጀምራል፣ ስለዚህ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ፣ ሰጋቱራውን እፍ፣ እንደገና ገፋ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ሲገናኙ ድምፁ ድንገት ቀለል ይላል። የመጀመሪያዋን በ3 ሚሊ ሜትር ሳትኳት። ዘነዘናው ረጅም መሆኑ በጀኝ።

ለመልክ ብዬ ዋንዛም ሞክሬ ነበር። ለበርና ለከበሮ የሚሆን ሁሉ ለእሳት አይሆንም፤ ሳምንት ሳይሞላው ጎኑ ነደደ። ለነገሩ የድሮ ሰዎችስ የጋያውን ራስ ሸክላ ያደረጉት ለምን ሆነና? አሁን ዋንዛ የማስገባው አንገቱ ላይ እንደ ቀለበት ብቻ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ቀርክሃ። የተለያየ እንጨት እኩል አያብጥም፣ እኩል አይኮማተርም፤ መጋጠሚያው ከእሳቱ ከራቀ ግን ችግር የለም። ጥድ አልነካም፣ ሙጫው አፍ ያበላሻል። ቫርኒሽም የለም፤ ከውጭ ትንሽ ሰም በጨርቅ፣ በቃ።

ከመስኮቱ የሠራኋት ግን እስካሁን ታሳፍረኛለች። ቀለሙን ልጬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። እሳት ሲነካት የሸተተኝን አልረሳውም። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል፣ ሊድ ደግሞ መርዝ ነው። ወረወርኳት፤ ምድጃ ውስጥም አልጨመርኳትም። ቀለም የነካውን እንጨትና በመድኃኒት የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ከዚያ ወዲህ በነፃ ቢሰጡኝም አልቀበልም።

እኔ ራሴ አላጨስም፣ ማንንም አጭስ አልልም። አጎቴም 1112/2011 የሚባለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ ካፌ ውስጥ ማጨስ ስለማይችል ደጅ ነው የሚቆመው። አዲሷን ፒፓ ስሰጠው ገለባብጦ አያት፣ አሸተታት። «ቡና ቡና ትላለች» አለ። አክስቴ ግን ከት ብላ ሳቀች። «ወይራ እኮ የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፣ አንተ ሰው ማጠኛ አደረግከው!» አፄ ዮሐንስ ትምባሆ የሚያጨስን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል፤ የ1870ው ጉባኤያቸው ቦሩ ሜዳ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። እሷ ይህን ሳታነሳ አትውልም። «ለከንፈርህ እወቅበት!» ትለዋለች።

የተቀየመችኝ እናቴ ናት። የተሰበረው ለካ ሙቀጫው እንጂ ዘነዘናው ደህና ነበር፤ ሌላ ሙቀጫ እስክታገኝ ነው እዚያ ያስቀመጠችው። ሰኞ ገበያ ወርጄ አዲስ ዘነዘና ገዛሁላት። በእጇ መዘነችው፣ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «ይሄ ባሕር ዛፍ ነው» አለችና በሩ ኋላ አቆመችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።