ዊንጌት ማለት ነፋስ መውጫ ነው

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ አስኮና ቡራዩ በሚወስደው መንገድ፣ የታክሲ ረዳቶች ከንጋት እስከ ምሽት አንድ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ይጣራሉ። «ዊንጌት! ዊንጌት አስኮ!» ተሳፋሪውም «ዊንጌት ወራጅ አለ» ይላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት የተሰየመው ደግሞ በሜጀር ጄኔራል ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ አብሯቸው የገባው የጌዴዎን ጦር አዛዥ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዊንጌት ግን የሰው ስም ከመሆኑ በፊት በእንግሊዝ አገር የቦታ ስም ነበር። የቦታ ስም ሰው ላይ ወጣ፣ ከሰው ወደ ትምህርት ቤት ሄደ፣ እኛ ዘንድ መጥቶ እንደገና የቦታ ስም ሆነ። አንድ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከየትኛው ቦታ እንደ በቀለና የት የት እንደ ተሰራጨ እንዴት እንደሚፈለግ በዚሁ ስም ምሳሌነት እንየው።

(ከዚህ በታች በእንግሊዝ ጉዳይ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከሁለት ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጠመ ነው። «ዊንድ» ነፋስ ነው። «ጌአት» ደግሞ በር፣ መግቢያ፣ በሁለት ተራራ መካከል ያለ ማለፊያ። አማርኛም «በር» የሚለውን ቃል ለቤት መዝጊያም ለተራራ ማለፊያም እኩል ይጠቀምበታል፤ ጣርማ በርን ያስቧል። ስለዚህ ዊንጌት «ነፋስ በር» ነው፤ ተራራ ሁለት ጎን ሲጠብ ነፋሱ ተጨናንቆ እየተገፋ የሚወጣበት ቦታ። ላይ ጋይንት ያለችው ከተማችን ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ዓይነት እይታ ነው። አንድ የጋይንት ሰው ስሙን ወደ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይተርጉም ቢባል ከዊንጌት ብዙ አይርቅም ነበር።

በእንግሊዝ ካርታ ላይ ይህ ስም ያረፈባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለፈላጊው ደግሞ መልካም ዜናው ይኸው ነው። በደርሃም አውራጃ ዊንጌት የሚባል የድሮ የድንጋይ ከሰል መንደር አለ። ከዚያ በስተ ሰሜን በኖርዘምበርላንድ ዊንጌትስ አለ። በላንክሻየር ደግሞ ዌስትሆውተን አጠገብ ሌላ ዊንጌትስ ይገኛል። ሦስቱም በሰሜን ናቸው። ወደ መሐል ሲወረድ ያው ቃል ይኖራል፣ ድምፁ ግን ይለወጣል። በደርቢሻየር፣ ካስልተን አጠገብ፣ ገደል ለገደል የሚያልፈው መንገድ ዊናትስ ይባላል። በዋሪክሻየር ኮምፕተን ዊንየትስ አለ። ሁለቱም ነፋስ በር ናቸው።

የድምፁ ልዩነት ለስሙ ስርጭት ዋናው ቁልፍ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ የ«ጌአት» መነሻ ድምፅ ለስልሶ ወደ «የ» የቀረበ ነበር። ስካንዲኔቪያውያን በሰፈሩበት ሰሜን ጠንካራው «ገ» በረታ፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ደግሞ «የ» ብዙ ዘመን ቆየ። ስለዚህ በዴቨን አውራጃ ያው ስም ዊንዲየት የሚል የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። ዊንጌትና ዊንዲየት ትርጉማቸው አንድ ነው፣ ዘራቸው ግን አንድ ነው ማለት አይደለም። በአራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለት የተለያዩ ነፋሻ በሮች ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ስም ሰጥተዋል። ትርጉም አንድ ስለሆነ ዝምድና አለ ብሎ መደምደም በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ስህተት ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ በሰሜን ከተሞች «ጌት» ብለው የሚያልቁትን የመንገድ ስሞች ሁሉ በር አድርጎ መቁጠር ነው፤ እነሱ ብዙ ጊዜ የመጡት መንገድ ማለት ከሆነው «ጋታ» ከሚለው የስካንዲኔቪያ ቃል ነው።

ቦታ እንዴት የቤተሰብ ስም ይሆናል? የነፋስ መውጫ ሰው ነፋስ መውጫ እያለ ማንም «ጋይንቴው» አይለውም። ሁሉም ጋይንቴ ነዋ! አዲስ አበባ መጥቶ ሲቀመጥ ነው ስሙ ላይ የሚለጠፈው። የእንግሊዞቹም እንዲሁ ነው። በቦታ የተጠራ ተራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ለቅቆ የወጣ ሰው ነው፤ በስሙ የሚጠራው መንደር ላይ ቤተሰቡ ባይገኝ አይገርምም። በአንድና በሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ መፈለግ ነው። የተለዩት ባለርስቶች ናቸው፤ እነሱ እዚያው እያሉ በርስታቸው ተጠርተዋል። ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ በኋላ ስምን ለልጅ ማውረስ የጀመሩትም እነዚሁ ናቸው፣ ርስቱ ከነስሙ ይወረስ ስለነበር። ልማዱ ወደ ታች ወርዶ እስከ 1400 ገደማ በደቡብና በመሐል እንግሊዝ አብዛኛው ሰው የሚወርስ ስም ነበረው። ሰሜኑ ዘገየ፤ ዌልስ ደግሞ ከዚያም ብዙ ዘግይታ ልክ እንደ እኛ በአባት ስም ስትጠራ ቆይታለች። ከቦታ ሌላ ሦስት ምንጮች አሉ፦ የአባት ስም፣ የእጅ ሥራ፣ ቅጽል ስም። ለእነዚያ ካርታ ብዙም አይረዳም፤ አንጥረኛ የሌለው መንደር አልነበረምና ስሚዝ የሚባለው በየቦታው ለየብቻው በቅሏል።

የዊንጌት ቤተሰቦች ግን ሰሜን ላይ ብቻ አልቀሩም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ፣ በቤድፎርድሻየር፣ ሃርሊንግተን ላይ የታወቀ የዊንጌት ቤት ነበር፤ በ1660 ሰባኪውን ጆን ቡንያንን ወደ እስር ቤት የላከው ዳኛ ፍራንሲስ ዊንጌት የዚያ ቤት ሰው ነው። ስሙ ወደ ስኮትላንድም ተሻግሯል። የእኛው ዊንጌት የተወለደው በ1903 ሕንድ ውስጥ ቢሆንም የአባቱ ወገን ስኮትላንዳዊ ነው። ይህን የማያውቅ ፈላጊ በእንግሊዝ መዝገብ ላይ ሲደክም ይውላል፤ የስኮትላንድ መዝገብ ለብቻው ኤድንበርግ ነው የሚቀመጠው፣ የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባም የጀመረው በ1855 ነው፣ ከእንግሊዝ 18 ዓመት ዘግይቶ።

«ኦርድ» የሚለውም ሊያሳስት ይችላል። በእኛ ልማድ የመጀመሪያው የራስ ስም፣ ቀጣዩ የአባት ስም ነውና «ቻርልስ» አባቱ ይመስለናል። አባቱ ጆርጅ ነው። ኦርድ ደግሞ ከእናቱ ቤተሰብ የመጣ የቤተሰብ ስም ነው። እንግሊዞች የእናትን ቤተሰብ ስም ለልጅ የራስ ስም አድርገው መስጠት ይወዳሉ፤ እንግዳ የሆነ የራስ ስም ሲያጋጥም መጀመሪያ የእናቲቱን ወገን ማየት ብዙ ድካም ያድናል። ጋብቻ ሴቷን ከነስሟ ከመዝገቡ ስለሚያጠፋት በእናት በኩል ወደ ኋላ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

አሁን ስርጭቱን ወደ ማውጣት እንምጣ። የሚሻለው መነሻ የ1881 ሕዝብ ቆጠራ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጧል፣ በነጻ ይታያል፣ ባቡር ሰውን ቢበትንም ብዙው ሕዝብ ገና ከአያቱ አውራጃ አልራቀም። በመጀመሪያ የስሙን አጻጻፍ ሁሉ መሰብሰብ ነው። በአንድ «ቲ» የሚያልቅ፣ በሁለት «ቲ» የሚያልቅ፣ በ«ዋይ» የተጻፈ፣ መካከሉ ላይ «ዲ» ያለው። ጸሐፊው የሚጽፈው የሰማውን ስለነበር አንድ ሰው በጋብቻው ቀንና በሞቱ ቀን በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ በየአውራጃው ቆጥሮ ቁጥሩን ለአውራጃው ሕዝብ ማካፈል ነው። ይህችን ሁለተኛዋን እርምጃ የሚዘል ሁሉ «ስሙ የለንደን ነው» ብሎ ያርፋል። እንበልና አንድ ስም በለንደን 40 ሰው፣ በዌስትሞርላንድም 40 ሰው ተገኘ። የለንደን ሕዝብ በዚያ ዓመት 3.8 ሚሊዮን ገደማ፣ የዌስትሞርላንድ 64 ሺህ ገደማ ነበር። ለንደን ላይ ከ95 ሺህ ሰው አንድ፣ ዌስትሞርላንድ ላይ ከ1,600 ሰው አንድ ማለት ነው። ቤቱ የት እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ለንደን እንደ መርካቶ ናት፤ ሁሉም ይገኝባታል፣ ከዚያ የበቀለው ግን ጥቂት ነው። ሄንሪ ገፒ የተባለው ሰው በ1890 ገበሬዎችን ብቻ ለይቶ የቆጠረው ለዚሁ ነበር፤ ገበሬ ከመሬቱ ቶሎ አይነቀልም።

ከ1881 ወደፊት የሚሄድ ሰው ክፍተት ይገጥመዋል። ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ100 ዓመት በኋላ ነውና የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። የ1931ዱ የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ በ1942 በእሳት ወድሟል። በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም። ወደ ኋላ ለሚሄድ ደግሞ መንግሥታዊው ምዝገባ የሚጀምረው በሐምሌ 1837 ነው። ከዚያ በፊት በ1538 ትእዛዝ የተጀመሩት የአጥቢያ መዝገቦች አሉ፤ የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቅጠሎቻቸው ጠፍተዋል። ክፍተቱን የሚሞሉት የግብር መዝገቦች ናቸው፦ ከ1662 እስከ 1689 በየቤቱ ምድጃ ተቆጥሮ የተከፈለው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር። ድሃ ግን ከምድጃው ግብር ነጻ ይደረግ ስለነበር በዝርዝሩ አለመኖሩ በመንደሩ አለመኖሩን አያሳይም።

ቀን መቁጠሪያን በተመለከተ እኛ ከማንም ይልቅ መጠንቀቅ እናውቃለን፤ ቢሆንም ይህኛው የተለየ ነው። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመቷ የሚገባው በእነሱ ማርች 25 ነበር። መዝገቡ ላይ «ፌብሩዋሪ 1640» ተብሎ የተጻፈ ልደት ዛሬ ባለው አቆጣጠር 1641 ነው። ወላጆች ሚያዝያ 1640 ተጋብተው ልጅ በየካቲት 1640 ተወለደ የሚል መዝገብ ያየ ሰው ነገሩ ነውር መስሎት ቤተሰቡን ከዝርዝሩ ይሰርዛል። ነውር የለበትም፤ ልጁ የተወለደው ከጋብቻው አሥር ወር በኋላ ነው። ስኮትላንድ ግን ከ1600 ጀምሮ ዓመቷን በጃንዋሪ ነው የምትጀምረው።

ከዊንጌት ጋር አብሮ የሚነሳው ሌላው ስማችን ሳንድፎርድ ነው። ብርጋዴር ዳንኤል ሳንድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1940 አርበኞችን እንዲያግዝ የተላከውን የእንግሊዝ ጦር ቡድን፣ 101ኛውን ተልእኮ ይዞ ጎጃም የገባው ነው፤ ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ሙሉ በተባለው እርሻ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው ያረፈው። ባለቤቱ ክሪስቲን የመሠረተችው ትምህርት ቤት ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። ትርጉሙ «አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ» ነው። በኦሮምኛ መሻገሪያው መልካ ነው፣ መልካ ቁንጥሬ እንደሚባለው፤ ሳንድፎርድን አሸዋ መልካ ብንለው ቃል በቃል ይገጥማል።

የዚህ ስም ፍለጋ ግን ከዊንጌት በጣም ይከብዳል። አሸዋ ያለው መሻገሪያ የሌለው ወንዝ የለም። ሳንድፎርድ የሚባል ቦታ በዴቨን አለ፣ በሶመርሴት አለ፣ በዶርሴት፣ በሽሮፕሻየር፣ በዌስትሞርላንድም አለ። ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ብቻ ሁለት አሉ፤ አንዱ ቴምዝ ዳር ነው። ስለዚህ የስሙ ስርጭት ካርታ ላይ ስሙ የሚበዛበት አንድ ጉብታ አይወጣም፣ ብዙ ትንንሽ ጉብታዎች ይወጣሉ፣ እያንዳንዱም ለየብቻው መነሻ ያለው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «የሳንድፎርድ ዘር መነሻው ይህ ነው» ብሎ ጋሻና አርማ የሚሸጥ ሰው ገንዘብ እየወሰደ የሌላውን ሰው አያት ነው የሚሸጠው። አርማ ለሰውና ለወራሾቹ የሚሰጥ እንጂ ለስም የሚሰጥ አይደለም።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም ሰው «ሳንፎርድ» ነው የሚለው፤ «ድ»ን ምላሳችን ውጦታል። እንግሊዞቹም ከእኛ በፊት ውጠውታል። «ዲ» የሌለው ሳንፎርድ በመዝገቦቻቸው ሞልቷል፣ አሜሪካ ውስጥ ይበልጥ የተለመደውም እሱ ነው። ስለዚህ ፍለጋውን በሁለቱም አጻጻፍ ማድረግ፣ ውጤቱንም አውራጃ በአውራጃ ለይቶ መመዝገብ ነው፤ ሁለቱን አጻጻፎች በአንድ ድምር ከመቀላቀል በፊት በዚያው አጥቢያ አንድ ሰው በሁለቱም ተጽፎ መገኘቱን ማየት ያስፈልጋል።