ከመንገዱ ማዶ

የላኦስ ከተማ ሉዋንግ ፕራባንግ በገባሁ ማግስት ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጠሩኝ። ስልሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመች፣ "የቡድሃ መነኮሳቱ ጠዋት ምጽዋት ሲቀበሉ ማየት ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ከኔ ጋር ትነሺያለሽ። የምትቆሚው ግን ከመንገዱ ማዶ ነው።"

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ማድቤታቸው ወረድኩ። ሩዙ ተዘፍዝፎ አድሯል። ውሃ የተጣደበት ድስት አፍ ላይ ሾጣጣ የቀርከሃ ቅርጫት ተቀምጧል፤ ሩዙ በእንፋሎት ይበስላል። ላኦሶች ካኦ ኒያው ይሉታል፣ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ዓይነት ነው። ትኩሱን ክዳን ባላት ትንሽ ቅርጫት ጨመሩት። ጥልፍ ያለው ረጅም ጨርቅ በግራ ትከሻቸው ላይ አጣፉና ምንጣፋቸውን ይዘው ወጡ።

ውጭው ገና አልነጋም፣ ከሜኮንግ ወንዝ በኩል ይበርዳል። ጎረቤቶቻቸው በየደጃፋቸው ተንበርክከዋል። ሴትዮዋም ጫማቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። ከመነኮሳቱ ከፍ ብሎ መታየት ነውር ነው።

ከዚያ መጡ። በአንድ መስመር፣ በባዶ እግራቸው፣ ትልልቆቹ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ። ያ ሁሉ ብርቱካናማ ልብስ ሲያልፍ ኮቴ እንኳ አይሰማም። መነኩሴው ከትከሻው ያንጠለጠለውን የምጽዋት ዕቃ ክዳን ገፋ ያደርጋል። ሴትዮዋ ከሩዙ ቆንጠር አድርገው ይጨምራሉ። ያልፋል። ቀጣዩ ይመጣል። ማንም "አመሰግናለሁ" አይልም። በእምነታቸው በጎ ነገር የሚያገኘው ሰጪው ነውና። ታክ ባት ይሉታል ይህን ሥርዓት። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ ምግብ ስለማይቀምሱ፣ የጠዋቷ ሩዝ ትልቅ ነገር ናት።

ልቤን የነካው ግን መጨረሻ ላይ ያየሁት ነው። ከሰልፉ ጫፍ አንድ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ባዶ ቅርጫት ይዞ ተንበርክኳል። አንድ ወጣት መነኩሴ ደረሰና ከራሱ ዕቃ ሩዝ አንስቶ ጨመረለት። ከኋላው ያለውም ጨመረለት። የተቀበሉትን እዚያው እየሰጡ ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዋናው የሳካሊን መንገድ ሄድኩና አዘንኩ። ከተማዋ በ1995 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ከተመዘገበች ወዲህ ጎብኚው በዝቷል። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ፍላሽ አታብሩ፣ ትከሻችሁን ሸፍኑ የሚል ምክር በየቦታው አለ። እዚያ ግን ካሜራ መነኮሳቱ ፊት ድረስ ተጠግቶ ብልጭ ይላል። እነሱ ዓይናቸውን ከመሬት አያነሱም። አንዱን ሰው እጁን ይዤ ወደ ኋላ ልጎትተው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለቱሪስት ሩዝ የሚሸጡም አሉ። ልግዛ ወይ ብዬ ሴትዮዋን ጠይቄያቸው ነበር። "መቼ እንደበሰለ የማታውቂውን ሩዝ ለሰው ታጎርሺያለሽ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ከልብ የሚሰጥ ሰው ቀድሞ ያበስላል፣ ወይ ያበሰለውን ያውቃል። ያ ካልሆነ ዝም ብሎ ማየትም ክብር አለው።

በሦስተኛው ቀን እዚያው ደጃፍ ተመለስኩ። ከማዶ ቆምኩ፣ ስልኬን ክፍሌ ትቼ። ያ ልጅ ታናሽ እህቱን ይዞ መጥቷል። ሁለት ቅርጫት ነበራቸው።