ሦስት ማታ የበላኝ ማሳ

ትናንት ማታ ከጋራዡ ስወጣ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ጣቶቼ ጠቁረዋል፣ ጉልበቴ ከሲሚንቶው ቅዝቃዜ የተነሳ አልታጠፍ ብሏል። ግን መብራቱ በራ።

መኪናዋ ኤምጂቢ ናት፣ አቢንግደን የተሠራች፣ የ1972 እ.ኤ.አ. ስሪት። ሁለት ሰው ትጭናለች፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፤ እዚህ እንግሊዝ አገር ሊድስ ግን ጣሪያው የታጠፈበትን ቀን በጣት እቆጥራለሁ። ሚስቴ "ያቺ አሻንጉሊት" ነው የምትላት።

ችግሩ እንዲህ ነው። መብራት አብርቼ ፍሬን ስረግጥ የግራው የኋላ መብራት በመድመቅ ፈንታ ይደበዝዛል። ይሄ ብቻ ቢሆን አምፖል ቀይሬ እገላገል ነበር። ጎረቤቴ ፍሬኑን እየረገጡልኝ ዞሬ ሳይ ግን የግራ ፍሬቻ ማንም ሳይነካው በርቷል፣ የኋላውም የፊቱም። ብልጭ ድርግም አይልም፣ ዝም ብሎ እንደ ፍም ይቀላል። ፍሬን የት፣ የፊት ፍሬቻ የት!

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ናቸው፤ በጉብዝናቸው እንዲህ ዓይነት መኪና ነበራቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ባትሪው በየትኛው በኩል ነው ከቦዲው የታሰረው?" ብለው ነው። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ፖዘቲቩ ነው ቦዲው ላይ የሚታሰረው፣ የኔዋ ኔጌቲቭ ናት። እሱን አጣርተው ሲያበቁ የመብራት ዕቃውን የሠራውን ኩባንያ መርገም ጀመሩ። የዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚቀልድበት የድሮ ቀልድ አለ፣ "የጨለማው ልዑል" ይሉታል። እኔ ግን አልስማማም። ሃምሳ ዓመት ዝናብ የጠጣ ሽቦ ማንም ቢሠራው ይበሰብሳል።

የመጀመሪያው ማታ በአምፖልና በፊዩዝ አለቀ። ሁለተኛው የሽቦዎቹን መስመር በሚያሳየው ሥዕል። የእነዚህ መኪኖች ደግነት የሽቦው ቀለም ቋንቋ መሆኑ ነው። ቡናማው ሁልጊዜ ከባትሪ ይመጣል፣ ነጩ ቁልፍ ሲዞር፣ አረንጓዴው በፊዩዝ ያለፈ ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ሐምራዊ መስመር ያለው የፍሬን መብራት፣ ቀይ መስመር ያለው የግራ ፍሬቻ። እኔም አንድ በአንድ ተከተልኳቸው፣ ሁሉም ጋ 12 ቮልት አለ። ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው የሚመለስበትን ጥቁሩን ሽቦ በቴስተር ነካሁት፣ ጢ አለ፣ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ያ ጢ ነው ያሳሳተኝ። ቴስተር የሚልከው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ በክር በምታህል ቀዳዳም ያልፋል፣ 21 ዋት አምፖል ግን በዚያች አያልፍም።

በሦስተኛው ማታ አዲስ አበባ አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ለሌላ ጉዳይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ነው የሠራው። ምን እየሠራህ ነው አለኝ፣ ነገርኩት። አላስጨረሰኝም።

"ማሳውን አየኸው?"

"አይቼዋለሁ አባዬ፣ ቴስተሩ..."

"ቴስተርህን ተወው። መብራቱን አብርተህ፣ ፍሬኑን አስረግጠህ ለካው።"

ልጅ ሆኜ ጋራዡ ውስጥ "ማሳው ነው፣ ማሳውን እየው" ሲባባሉ ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ይመስለኝ ነበር። መኪና ውስጥ ምን እርሻ አለ እል ነበር። ኋላ ነው ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ ለሚመለስበት መንገድ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል መሆኑን ያወቅኩት፣ እንደ ፍሬቻውና እንደ ካንዴላው። እንግሊዞቹ ደግሞ ኧርዝ ይሉታል፣ መሬት ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ ኧርዝ የሚለውን ሃያ ጊዜ አይቼ ማሳ የሚለው አንዴም ትዝ አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ሁለት ማታ እተኛ ነበር።

ባትሪዎቹ ከመቀመጫው ኋላ ነው ያሉት፣ ሁለት ባለ 6 ቮልት ተቀጣጥለው። ከዚያ ረዥም ሽቦ ቀጥዬ ወደ መብራቱ ብረት ለካሁ፣ ጎረቤቴ ፍሬን ረግጠዋል። ከዜሮ ብዙ መራቅ የሌለበት ነገር ወደ 8 ቮልት አሳየ።

የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገለጥኩት። እነዚህ መኪኖች ሽቦው የሚገናኘው ጥይት በምታክል የብረት ጫፍ ነው፣ ጫፏ ጎማ የለበሰ ቱቦ ውስጥ ትሰካለች። የጥቁሩን ስስበው ጎማው ተሰነጠቀ፣ ውስጡ እንደ ሻገተ ዳቦ አረንጓዴ ሆኗል። ለካ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በፍሬቻው አምፖል በኩል ዞሮ፣ የፊቱን ፍሬቻ አቋርጦ፣ እዚያ ባገኘው ማሳ ነበር የሚመለሰው። ለዚህ ነው የሚቀላው። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቱቦውን በአዲስ ቀየርኩ። 0.1 ቮልት።

እዚህ አገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋት መኪና፣ ብዙ ካልተለዋወጠች፣ ዓመታዊ ምርመራ ግዴታዋ አይደለም። ማንም አያይልህም ማለት ነው። እንዲህ ሆና ስንት ወር እንደነዳኋት እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ገና ቡና ሳልጠጣ አባቴ ደወለ።

"በራ?"

"በራ።"

"የቀኙንስ ከፍተህ አየኸው?"

አላየሁትም። ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።