ቦሎቄና ሽምብራ በአንድ ሳህን
ትናንት ማታ ቦሎቄና ሽምብራ በየዕቃቸው ዘፍዝፌ ተኛሁ። ለዛሬው የጣና ዓሣ ጥብስ ማባያ እንዲሆን ነው። ሽምብራው አልዘገየም፤ ቦሎቄው ግን አስጠበቀኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እህል ቶሎ አይበስልም። መዘፍዘፊያውን ደፍቼ በአዲስ ውሃ ደጋግሜ አፈላሁት፤ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል። በሁለት ጣቶቼ ስጫነው ውስጡ እንደ ዱቄት ልም ሲል አወጣሁት።

ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ጨው። ሎሚው መጨረሻ ላይ ነው፤ እህሉ ሳይበስል ከገባ ያጠነክረዋል።

እማዬ ቀመሰችና «ይህማ ንፍሮ ነው ልጄ፣ ሎሚ የገባበት» አለች። እውነቷን ነው። ዓሣውን ትታ ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ ደስታዬ ወሰን አጣ።